ግድግዳ ያልፈረሰባቸው

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በቁጥር ነው። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፤ ከገንዘቡም 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር። በቁጥሮቹ አልከራከርም። እኔ የምጽፈው ቁጥሩ ውስጥ ስላልገባው ነገር ነው፤ ሐዲዱ በደጃፋችን ከመዘርጋቱ በፊት ተጠርተን ስለተሰበሰብንበት ቀን፣ እዚያ ስለተጠየቀው፣ ስለተመለሰውና ሳይመለስ ስለቀረው። ሳሪስ ውስጥ ደብረ ዘይት መንገድ ዳር አባቴ የከፈተውን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ተረክቤ ኖሬአለሁ። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ቧንቧና ሲሚንቶ ሸጬ ልጆች አሳድጌበታለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከአስፋልቱ ጠርዝ ሆኜ ነው።

ደብረ ዘይት መንገድን የፍጥነት መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ያየ ሰው ያስታውሰዋል። የወደብ ዕቃ የጫነው ተሳቢ ሁሉ በእኛ በር ነበር ወደ ከተማ የሚገባው። ሌሊቱን ሙሉ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ጠዋት ስንከፍት ዕቃው ላይ የተኛውን አቧራ ማራገፍ የሥራችን መጀመሪያ ነበር። ያም ሆኖ መንገዱ ለያይቶን አያውቅም። ወዲህ ማዶ ሲሚንቶና ብረት ሻጮች ነን፤ ወዲያ ማዶ በርና መስኮት የሚሠሩ በያጆች፣ እንጨት ቤቶች፣ ምግብ ቤቶች። ቤት የሚሠራ ሰው ከእኔ ቆርቆሮና ሚስማር ይገዛል፣ ተሻግሮ በሩን ያዛል፣ እዚያው ሽሮውን በልቶ ተመልሶ ይመጣል፤ የረሳውን ማጠፊያ ደግሞ ሲመለስ ይወስዳል። ጫኝና አውራጆቹ ፌሮውን በትከሻ፣ ሲሚንቶውን በእጅ ጋሪ ያሻግራሉ። የኮንዶሚኒየሙ ግንባታ በደራበት ዘመን ቀን ሙሉ የሚመላለስ ሰው ነበር። አንድ ገበያ ነበርን፤ አስፋልቱ በመሀል ያልፋል እንጂ።

ባቡር ለከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱን ሐረር ለማስገባት ነበር። ተራራው አስቸገረ፤ ወጪውም ከበደ። ስለዚህ መስመሩ ቆላውን ይዞ አለፈና በ1895 ዓ.ም. ባዶ ሜዳ ላይ ቆመ። ያ ሜዳ ነው ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው፤ ያኔ አዲስ ሐረር እስከመባልም ደርሶ ነበር። ለዘመናት የቡናውና የጫቱ ንግድ መናገሻ የነበረችው ሐረር ግን ከባቡሩ ወደ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቃ ቀረች፤ ንግዱም እያደር ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ወረደ። የሐረርን ነጋዴ ማንም ቤቱን አላፈረሰበትም፤ ግድግዳው እንደቆመ ነው ገበያው የሄደበት። አንባቢዬ ይህን ነገር ልብ ይበልልኝ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በእኛ ሰፈር የሆነውም ይኸው ነውና።

ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ከለገሃር ወደ አቃቂ የሚሄደውን ያን አሮጌ ባቡር እኔም በልጅነቴ አውቀዋለሁ። አጥር አልነበረውም። ጡሩንባው ከሩቅ ሲሰማ ሰውም በጉም ገለል ይላል፤ ካለፈ በኋላ ሐዲዱ መንገደኛ የሚሄድበት የእግር መንገድ ይሆናል። አደጋ አልነበረም አልልም። ከተማውና ባቡሩ ግን ተለማምደው ይኖሩ ነበር።

አሁን ወደ አዲሱ። የቀላል ባቡሩ ውል ከቻይናው የባቡር ሥራ ድርጅት ጋር የተፈረመው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን ግንባታው የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሁለት መስመር፤ አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ በመርካቶና በልደታ በኩል ዞሮ እስከ ቃሊቲ። ሁለቱ ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። እኛ ያለነው በቃሊቲው መስመር ነው። ከላንቻ በኋላ ንፋስ ስልክ፣ አደይ አበባ፣ ሳሪስ፣ አቦ ማዞሪያ፣ ከዚያ ቃሊቲ።

ሕጉን አንድ የሕግ ሰው ደንበኛዬ ነው ያስነበበኝ፤ ቀለም ሊገዛ መጥቶ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ተጽፏል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚነካ ሥራ ሲታቀድና ሲፈጸም በቀጥታ የሚመለከተው ሕዝብ አስተያየቱን እንዲሰጥ ያዛል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጁም፣ ቁጥር 299/1995፣ የሕዝብ ተሳትፎን የሚመለከት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። እንግዲህ መጠየቅ መብታችን ነበር። በዚህ ሁሉ ወረቀት ላይ ያልጎደለው ነገር አዳራሹ ውስጥ ለምን እንደጎደለ ነው ዓመታት ያብሰለሰለኝ።

ስብሰባው የተጠራው በአንድ ወረዳ አዳራሽ ነበር። ጥሪው የደረሰን በቃል፣ በሰፈሩ ነጋዴ ተወካዮች በኩል ነው። ሱቁን ለታናሽ ወንድሜ ትቼ ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ፊት ፊት ነጋዴው፣ ከኋላ የቀበሌ ቤት ነዋሪው፣ በሩ ላይ ጫኝና አውራጆቹ ቆመዋል። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የባቡሩ ሥዕል ይታያል። ሣሩ አረንጓዴ፣ አስፋልቱ ንጹሕ፣ ባቡሩ የሚያምር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ግን ሱቅ የለም፣ የቆመ መኪና የለም፣ ተሸካሚ የለም። የሚያብራራው ወጣት መሐንዲስ ጨዋ ልጅ ነበር፤ የጠየቅነውን ሁሉ በትዕግሥት ያዳምጣል። የባቡሩን ፍጥነት፣ የኤሌክትሪኩን ኃይል፣ የጣቢያዎቹን አቀማመጥ በሚገባ አስረዳን። ሰዉም አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት። ጠዋት ሳሪስ ላይ ታክሲ ለመያዝ የሚጋፋውን ሠራተኛ ለሚያይ ሰው ባቡር ይምጣ ሲባል እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል?

ከዚያ ዕድሉ ለጥያቄ ተሰጠ። መጀመሪያ የተነሡት አንድ ልብስ ሰፊ አዛውንት ናቸው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በሰፈሩ ከአባቴም በፊት የቆዩ።

«ልጄ፣ እኔ ቤቴ ማዶ ነው፣ መኪናዬ ደግሞ ወዲህ» አሉ። መኪናዬ የሚሉት የልብስ ስፌት መኪናቸውን ነው። «ለምሳ ስሄድ በየት ነው የምሻገረው?»

«አባቴ፣ በጣቢያው በኩል መሻገሪያ አለ።»

«ጣቢያው ከእኔ ምን ያህል ይርቃል?»

መሐንዲሱ ወረቀቱን አየና ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሆን ነገራቸው።

«ሄጄ ተሻግሬ እንደገና ፊት ለፊቴ እስክደርስ አንድ ኪሎ ሜትር አይሆንም? በዚህ እግሬ?» ከዘራቸውን ይዘው ግድግዳው ድረስ ሄዱና በጥላቸው ሥዕሉን ግማሽ ሸፍነው አንድ ቦታ ነኩ። «እዚህች ጋ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አንድ በር ተዉልን። ሰዉ ሁሉ በዚህ ነው የሚሻገረው። ባትተዉም በዚሁ ነው የሚሻገር።»

ቀጥሎ ከበሩ በኩል አንድ ጫኝ እጁን አወጣ። አይሱዙ ዕቃ ሲያወርድ የት እንደሚቆም ጠየቀ፤ መሀሉን ባቡር ከያዘው ለመኪና የሚተርፈው መንገድ ጠባብ ነው፣ ዳሩ ላይ ካቆምን ትራፊክ ይቀጣናል፣ ካላቆምን ኩንታሉን ከየት እናወርዳለን አለ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ስለ ክረምቱ ጎርፍ ተናገረች። ከላይ ከሰፈሩ የሚወርደው ውኃ በየትኛው ቱቦ እንደሚያልፍ፣ ቱቦው በየትኛው ክረምት እንደተደፈነ፣ ውኃው ያኔ የማን ቤት እንደገባ አንድ በአንድ ዘረዘረችው። እንዲህ ያለ ዕውቀት በየትኛውም ቢሮ አይገኝም፤ እሷ ግን ልጆቿን አልጋ ላይ አቁማ ውኃ ስትቀዳ ያደረችበት ነው። እኔም ተነሣሁ። ግንባታው ዓመታት ከወሰደና ደንበኛ ከራቀ ኪራዩንና ግብሩን በምን እንደምንከፍል ጠየቅሁ። ከመድረኩ የተሰጠኝ መልስ ልማት ሲመጣ ሁላችንም ትንሽ ዋጋ እንደምንከፍል ነበር።

ሌላ ወረቀት ስላልያዝኩ ይህን ሁሉ የመዘገብኩት በቦርሳዬ በነበረው የዱቤ ደብተር ላይ ነው፤ ሲሚንቶ በዱቤ ከወሰዱ ሰዎች ስም ዝቅ ብሎ። በኋላ እንደ ነጋዴ ተወካይ ፈርሚ ተብዬ የቀረበልኝን ቃለ ጉባኤ አየሁት። ተሳታፊዎች ፕሮጀክቱን በደስታ እንደተቀበሉ፣ በመሻገሪያ፣ በማራገፊያና በጎርፍ ጉዳይ ጥያቄ ተነሥቶ ማብራሪያ እንደተሰጠበት ይላል። ውሸት የለበትም። ግን የዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት የለም፣ የቱቦው ቦታ የለም፣ ግማሽ ኪሎ ሜትሩ የለም። ወረቀቱ ሄዶ ንድፍ የሚሠራ ሰው ጠረጴዛ ላይ ቢያርፍ እንኳ ምንም ሊያደርግበት አይችልም። ከዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ሰው አልተጠየቀም አይባልም፤ ተጠይቋል። መልሱ ነው መንገድ ላይ የቀረ።

ሌላው እውነት ደግሞ ጊዜው ነው። ውሉ ከተፈረመ፣ ብድሩ ከተገኘ፣ መስመሩ ከተሠመረ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ምን መለወጥ ይችላል? የመሻገሪያ በር ለመጨመር ምልክቱን፣ የባቡሩን ፍጥነት፣ የጣቢያውን ርቀት እንደገና ማስላት ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ገንዘብ ነው። በንድፉ ጊዜ በእርሳስ የሚሠራውን ነገር ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ በሚሊዮን አይሠሩትም።

በዚያው ዘመን የከተማው ድምፅ ጎልቶ የተሰማበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ ፒያሳ። ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚወጣው መስመር ከመሬት በታች የሚገባው በአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሥር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች በጥይት የደበደቧቸው አባት ሐውልት ሊነሣ ነው ሲባል ሰዉ ዝም አላለም። በጋዜጣ ተጻፈ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ተወራ፣ በማኅበራዊ ድረ ገጽ ሙግቱ ጦፈ። የአፄ ምኒልክም ሐውልት ይነሣል የሚል ወሬ ስጋቱን አባባሰው። ኃላፊዎች በአደባባይ ቃል መግባት ግድ ሆነባቸው፤ የአቡኑ ሐውልት ለጊዜው ብቻ እንደሚነሣና እንደሚመለስ፣ የምኒልክ ግን እንደማይነካ። ሐውልቱ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በጥንቃቄ ወርዶ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ወደ አደባባዩ ተመለሰ። ቃሉ ተጠበቀ። እኔ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፣ የታወቀ ቦታ ነበረው፣ ጠያቂው ብዙ ነበር፣ መልሱም በአደባባይ ተሰጠ። የእኛ የዳቦ ቤት ፊት ለፊት ጥያቄ ግን አንድ አዛውንትና አንድ ከዘራ ብቻ ነበሩት።

ግንባታው እንደተጀመረ መሀሉ መንገድ በቆርቆሮ ታጠረ። የመኪና መንገዱ ወደ ዳር ተገፋ፣ ዳሩ ደግሞ ወደ ሱቃችን ደረጃ። በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። ጎረቤቴ የውበት ሳሎኗን ዘጋች፤ ታጥቦ የወጣ ፀጉር በደጃፏ ነበር የሚቆሽሸው። የውኃ ቧንቧ ይቆረጣል፣ የስልክ መስመር ይጠፋል። እኔ የተረፍኩት አቧራ በማይፈራ ዕቃ ስለምነግድ ነው፤ ሚስማር አቧራ ቢነካው ሚስማር ነው። ደንበኞቼ ግን ቀነሱ። አንድ ኮንትራክተር ለዓመታት ከእኔ ሲወስድ ኖሮ «እትዬ፣ አይሱዙዬን አንቺ ጋ አቁሜ ሁለቴ ተቀጣሁ» ብሎኝ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። አልተቀየምኩትም፤ ምን ይሁን?

እዚህ ላይ የካሳው ሕግ ይነሣል። ያኔ ይሠራ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነበር። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ለሚወሰድበት ባለይዞታ መሬቱ ላይ ለሠራው ንብረት ካሳ፣ ለከተማ ነዋሪ ምትክ ቦታ፣ ለአንድ ዓመት ደግሞ የፈረሰበትን ቤት ኪራይ ያህል ገንዘብ ወይም መኖሪያ ይሰጥ ነበር፤ ለንግድ ቤትም ይኸው ይሠራ ነበር። ካሳው ከተከፈለ በኋላ ባለይዞታው በ90 ቀን ውስጥ መልቀቅ ነበረበት። በየሰፈሩ ግድግዳቸው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባባቸው ሰዎች ይህን አንቀጽ በቃላቸው ያውቁት ነበር። ተከራይ ግን ባለይዞታ አይደለም። የቀበሌ ሱቅ ተከራይቶ ሃያ ዓመት የነገደ ሰው፣ ከተከራይ ላይ አንድ ጥግ የተከራየ ጫማ ጠጋኝ፣ በረንዳ ላይ የምትሸጥ እናት፤ እነዚህ ሕጉ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

እኛ ጋ ደግሞ መንገዱ ቀድሞም ሰፊ ስለነበር የፈረሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ እንደተጎዳ የቆጠረን የለም። ሕጉ የሚለካው የፈረሰውን ግድግዳ ነበር፤ የራቀውን ደንበኛ የሚለካበት ሜትር አልያዘም ነበር። የሐረርን ነጋዴ ያነሣሁት ለዚህ ነበር።

ሌላ አገርስ እንዴት ነው ለሚል ሰው የአክስቴ ልጅ የነገረኝን ላካፍል። እሷ ሲያትል ነው የምትኖረው፤ በዚያች ከተማ ደቡብ በኩል በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና ላይ ሐበሻ፣ ቬትናሞች፣ ሶማሌዎችና ጥቁር አሜሪካውያን ጎን ለጎን ይነግዳሉ። በዚያ ጎዳና መሀል ቀላል ባቡር ተዘርግቶ እንደ ፈረንጆቹ በሐምሌ 2009 ሥራ ጀመረ። እዚያም ነዋሪው ተቆጥቶ ነበር፤ ለሌላው ሰፈር ዋሻ ሲቆፈር ለእኛ ለምን በመንገዳችን መሀል ይሄዳል ብሎ። ማኅበር አቋቁመው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ፤ በ2003 በይግባኝ ተረቱ። ባቡሩም በመንገዱ መሀል መጣ። ነገር ግን ቁጣቸው ከንቱ አልቀረም፤ ለሸለቆው ሰፈሮች 50 ሚሊዮን ዶላር የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ ተቋቋመ። ከዚያ ፈንድ በግንባታው ጊዜ ገበያ የቀነሰባቸው ነጋዴዎች፣ ግድግዳቸው ሳይነካ፣ መደጎሚያ አገኙ። የአክስቴ ልጅ እንደምትለው ሒሳቡን በደንብ ያልያዘ ነጋዴ ኪሳራውን ማስረዳት ከብዶት ነበር፤ ሱቁን ዘግቶ የሄደም አለ። ፍጹም አልነበረም። ግን የራቀ ደንበኛ ኪሳራ መሆኑን በወረቀት የተቀበለ ከተማ አለ ማለት ነው። ይህን ስሰማ ቅናት አይሉት ተስፋ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ።

ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የእኛው የቃሊቲ መስመር ነበር ቀዳሚው። የአያቱ መስመር በጥቅምት መጨረሻ ተከተለ። የዚያን ሰሞን ደስታ ልደብቅ አልፈልግም። ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር። ልጆቻቸውን አዝለው፣ አሮጊት እናቶቻቸውን ደግፈው ለማየት ብቻ የሚሳፈሩ ብዙ ነበሩ። እኔም እናቴን ይዤ እስከ ምኒልክ አደባባይ ሄጃለሁ። የታክሲ ሰልፍ ያሰለቸው የፋብሪካ ሠራተኛ ጠዋት ሰዓቱን አውቆ መድረስ ቻለ። ከቃሊቲ ተነሥታ መርካቶ ሰባተኛ ላይ ሸቀጥ የምታነሣ ሴት የትራንስፖርት ወጪዋ ከግማሽ በላይ ቀነሰላት፤ ደንበኛዬ ስለነበረች ሒሳቡን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። ባቡሩን የሚጠላ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አላውቅም።

አጥሩ ግን መጣ። የብረት አጥር፣ በሐዲዱ ግራና ቀኝ። መኪና ዞሮ ለመመለስ ርቆ መሄድ ነበረበት። ማዶ ለበያጆቹ ፌሮ የሚያሻግሩት ጫኞች ዋጋ ጨመሩ፤ መንገዱ ረዝሞባቸዋልና ተገቢ ነው። ፌሮውን የሚፈልገው ሰው ግን ከእኔ መግዛቱን ትቶ ማዶ የተከፈተ አዲስ ሱቅ አገኘ። ለእኔ ደግሞ የማዶው ደንበኛ ሲቀር የወዲሁ ብቻ ቀረ። ገበያው ለሁለት ተከፈለ፤ ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳይናገረው።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ አንድ ጠዋት ሱቅ ስከፍት አጥሩ ላይ ሁለት ዘንግ ተጣምሞ አየሁ። ከታች ጀምሮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፍቷል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ትከሻውን አጥብቦ የሚያልፍበት ያህል። ዘንጉ ላይ የነጠላ ጥለት ክር ተጠምጥሟል። ቦታው ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር። ሠራተኞች መጥተው ብረቱን በመዶሻ አቃኑት፣ በብየዳ አጠበቁት፤ በሳምንቱ እዚያው ቦታ ተከፈተ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሙሉ ዘንጉ ተነቅሎ ሄደ። ተማሪ በዚያ ያልፋል፣ እንጀራ የተሸከመች ሴት በዚያ ታልፋለች። ባቡር ሲመጣ የቆሙት «ቆዩ! ቆዩ!» ይላሉ። ልቤ እስኪወጣ የደነገጥኩባቸው ቀኖች አሉ። ጋሼ ግን በዚያ አላለፉም፤ ጎንበስ ማለት አይችሉም ነበር። መኪናቸውን ማዶ ወደ ቤታቸው በረንዳ አሸጋገሩና እዚያው መስፋት ጀመሩ። የወዲሁ ደንበኞቻቸው ለጠባብ ሱሪ ብለው አንድ ኪሎ ሜትር አልሄዱም።

የዱቤ ደብተሬን አውጥቼ የተመለከትኩት ያን ሰሞን ነው። ጎርፉም በተባለው ቱቦ በኩል ገብቶ ነበር፤ እዚያው ቤት፣ እዚያው ክፍል።

ባቡሩ ዛሬ እንደ ጥንቱ አይደለም። ከ41ዱ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል፤ የሚሠሩትም ተጨናንቀዋል። ከተማውም ተለውጧል። አትክልት ተራ የሚባል ጣቢያ አለ፤ የአትክልት ገበያው ግን መጀመሪያ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄዷል። ሕጉም ተሻሽሏል። 455ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ የሚነሡ ባለይዞታዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ እንዲመከሩ ደንግጓል፤ ለኢኮኖሚ ጉዳትና ለተቋረጠ ማኅበራዊ ትስስርም የካሳ ስም አውጥቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ምክክሩ የሚጀምረው ከሚነሣው ሰው ነው። ሳይነሣ ለሚጎዳው፣ ቆሞ ገበያው ለሚሄድበት ሰው፣ ከእርሳሱ ዘመን ጀምሮ አዳራሽ ውስጥ ወንበር እንዲኖረው እፈልጋለሁ። የሚናገረውም ከነቦታው፣ ከነርቀቱ፣ ከነቱቦው እንዲጻፍ፤ የተጻፈውም ምን እንደተደረገበት ለዚያው ሰፈር ተመልሶ እንዲነበብ።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ በተለያየ ጣቢያ አካባቢ ያሉ ነጋዴዎችን አነጋግሬአለሁ። ሪቼ ላይ፣ መሹዋለኪያ ላይ፣ ጎጃም በረንዳ ላይ፣ ሃያ ሁለት ላይ ተመሳሳይ ስብሰባ የተካፈሉ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ የመጥሪያ ወረቀት፣ አንዳንዶቹ የቃለ ጉባኤ ቅጂ፣ አንድ ሁለቱ እንደ እኔ የራሳቸውን ማስታወሻ አስቀምጠዋል። እነዚህ ወረቀቶች በየሳጥኑ ሥር እየበሰበሱ ነው። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ በእንዲህ ያለ ስብሰባ የተቀመጣችሁ ሁሉ የያዛችሁትን አትጣሉ፤ የምታስታውሱትንም ማን ምን እንደጠየቀና የቱን ቦታ እንዳመለከተ ለልጆቻችሁ አስጽፉ። ተሰብስቦ ወመዘክር ቢገባ ቀጣዩን መስመር የሚነድፍ መሐንዲስ ሊያነበው ይችላል። የእኔን ደብተር ዱቤው ያለበትን ገጽ ሳልቀድ እንዳለ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።